እናቴ በጁላይ ትምጣ ወይስ ሙቀቱ እስኪያልፍ ትቆይ? (ዋሽንግተንና አካባቢዋ)

ጠያቂዋ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የ71 ዓመት እናቴ ቪዛዋን አግኝታ፣ አዲስ የተወለደችውን የልጅ ልጇን ለማየት በጁን መጨረሻ ከአዲስ አበባ ልትመጣ ተዘጋጅታለች። እኔ ግን የጁን፣ የጁላይና የኦገስት ትንበያ አካባቢያችንን ከወትሮው የሞቀ እንደሚሆን ማመልከቱን፣ ነጎድጓዳማ ዝናብም እንደማይቀር ካነበብኩ ወዲህ ትኬቱን ለመቁረጥ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። የምንኖረው የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው፤ ጣሪያው ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይመልስብናል። ባለፈው ዓመት ኤሲው ተበላሽቶ አከራያችን እስኪያሠራው ድረስ ከባለቤቴ ጋር ሳሎን ወለል ላይ እርጥብ አንሶላ ለብሰን ነበር የምናድረው። እናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ወደ ሴፕቴምበር እናዛውረው ብላት ደግሞ «እንቁጣጣሽን በሰው አገር አልውልም፤ ልጅቷንም አራስ ሳለች ነው ማየት የምፈልገው» አለችኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ከአሌክሳንድሪያ

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። የወቅት ትንበያ ከዕለት ትንበያ የተለየ መሆኑን በመጀመሪያ ላስረዳሽ። በብሔራዊ የአየር ጠባይ አገልግሎት ሥር ያለው የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከል በየወሩ በሦስተኛው ሐሙስ የሚያወጣው ካርታ የሚናገረው ስለ ዕድል ብቻ ነው። ከ1991 እስከ 2020 ያለው መዝገብ ከወትሮው የሞቀ፣ እንደ ወትሮው የሆነና ከወትሮው የቀዘቀዘ ተብሎ በሦስት እኩል ይከፈላል፤ ምንም ፍንጭ ከሌለ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ዕድል 33 በመቶ ነው። ካርታው ለእኛ 50 በመቶ «ከወትሮው የሞቀ» ቢል፣ የሦስቱ ወራት አማካይ ከፍ የማለቱ ዕድል ጨምሯል ማለት እንጂ እናትሽ በምታርፍበት ሳምንት እሳት ይወርዳል ማለት አይደለም። አማካዩን ከፍ የሚያደርገው ደግሞ የቀኑ ሐሩር ብቻ ሳይሆን የማይቀዘቅዘው ሌሊት ጭምር ነው፤ ስለ አንቺ ቤት ስሰማ ያሳሰበኝም ይኸው ነው።

ነጎድጓዱን በተመለከተ የወቅቱ ካርታ የዝናቡን ድምር ይገምታል እንጂ መብረቅ የሚወርድባቸውን ቀናት አይቆጥርም። የእኛ ወበቅ በአብዛኛው የሚመጣው በአትላንቲክ ላይ ከሚረጋው የቤርሙዳ ከፍተኛ ግፊት ነው፤ እሱን ተከትሎ የሚዞረው ነፋስ ከደቡብ እርጥብ አየር እየገፋ ያመጣብናል። ይህ አየር ከቀትር በኋላ ሲግል ወደ ላይ ይነሣል፤ በምዕራብ በኩል ያሉት የብሉ ሪጅ ተራሮችም ያግዙታል፤ ስለዚህ ደመናው በእነሱ በኩል ተቆልሎ ወደ ማታ እኛ ዘንድ ይደርሳል። በዋሽንግተን የጁላይ የቀን ሙቀት በአማካይ 90 ፋራናይት፣ ማለትም 32 ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። እርጥበቱ 60 በመቶ ሲሆን ግን ያው 90 ሰውነት ላይ እንደ 100 ይሰማል፤ ይህም በጥላ ሥር ነው። ስለዚህ ትኬቱን በካርታው ሳይሆን በቤትሽ ሁኔታ ወስኚ፤ እሷ ከመጣች በኋላ ደግሞ የየዕለቱን ማስጠንቀቂያ ተከታተይ። «ዎች» ሲባል ሁኔታው ተመቻችቷል ተዘጋጁ ማለት ነው፤ «ዎርኒንግ» ሲባል ግን አደጋው ደርሷል ወይም ሊደርስ ነውና ወዲያው ወደ ቤት መግባት ያስፈልጋል።

ከዋሽንግተን፣ የታክሲ ሹፌር

ወንድማችን ያብራሩት ትክክል ነው፤ ነገሩ ግን ከሚገባው በላይ ተፈርቷል። የእኔ እናት በሁለት ክረምት መጥታ አንድ ቬንቲሌተርና የተከፈተ መስኮት በቂዋ ነበር። ኤሲ ሲከፈትላት «ብርድ መታኝ» እያለች ጋቢ ትከናነብ ነበር። እኔ ኤሲውን ቀንና ሌሊት አሠርቼ ከምከፍለው የመብራት ቢል ላይ የቆጠብኩትን ለአባቴ መድኃኒትና ለእኅቴ ልጆች ትምህርት ቤት እልካለሁ። አገር ቤት የሚጠብቀን ሰው ባለበት ሁኔታ እያንዳንዱ ዶላር ስም አለው።

ነርስ፣ ከሃያትስቪል

ወንድሜ፣ ለወላጆችህ የምታደርገውን አከብራለሁ፤ ይህ ምክር ግን ለአንዲት የ71 ዓመት እናት አደገኛ ስለሆነ ዝም ማለት አልችልም። ቬንቲሌተር አየሩን አያቀዘቅዘውም፤ የሚያደርገው ላብ ቶሎ እንዲተን ማገዝ ብቻ ነው። የቤቱ ሙቀት ከ90 ፋራናይት ሲያልፍ የሚነፍሰው ሙቅ አየር የሰውነትን ሙቀት ሊጨምር እንደሚችል የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ያስጠነቅቃል። አረጋውያን ጥማት ቶሎ አይሰማቸውም፤ ላባቸውም እንደ ወጣት አይወጣም። ከግፊት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ሽንት የሚያበዙ ስለሆኑ ሰውነትን ያደርቃሉ። እህቴ፣ እናትሽ ከመነሣቷ በፊት መድኃኒቷ የትኛው ዓይነት እንደሆነ፣ በሙቀት ጊዜም ምን ማድረግ እንዳለባት ሐኪሟን ትጠይቅ፤ በራሷ ግን እንዳታቋርጠው።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በሐምሌ የቀኑ ሙቀት 20 ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ከዚያ ደመናና ቅዝቃዜ ተነሥታ በማግስቱ እዚህ ወበቅ ውስጥ የምትገባ ሴት ሰውነቷ እስኪለምድ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። በእነዚያ ቀናት በቀትር ገበያ ለገበያ አታዙሯት። ንግግሯ ከተምታታ፣ ግራ ከተጋባች ወይም ራሷን ከሳተች ውኃ እያጠጣችሁ የምትጠብቁበት ጊዜ አይደለም፤ ወደ ድንገተኛ እርዳታ ስልክ 911 ደውላችሁ ሰውነቷን በውኃ አርጥቡ። በኦገስት የፍልሰታ ጾም ይገባል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳትቀምስ ልዋል ማለቷ አይቀርምና ከወዲሁ የንስሐ አባቷን እንድታማክር አድርጊ።

የታክሲ ሹፌር

እህቴ፣ ሰው ይሙት አላልኩም። እኔም መኪናዬን ፀሐይ ላይ አቁሜ መንገደኛ የምጠብቅ ሰው ነኝና ሙቀቱን አውቀዋለሁ። የማነሣው ሌላ ነገር ነው። እዚህ የምንኖረው በአንድ ደመወዝ ሁለት ቤት ይዘን ነው፤ ሁሉም ሰው ቀኑን ሙሉ ኤሲ ማሠራት እንደሚችል አድርጎ መናገር የብዙዎቻችንን ኑሮ አያይም።

ነርስ

ቀኑን ሙሉ፣ ቤቱን በሙሉ አላልኩም። አንድ መኝታ ክፍል ዘግቶ ኤሲውን 78 ፋራናይት ላይ ማድረግ ይቻላል፤ በቀትር መጋረጃ መዝጋት፣ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ መቀመጥም ይቻላል። አንዲት ሌሊት ሆስፒታል ማደር ግን የጉዞ ኢንሹራንስ ለሌላት ጎብኚ ከስንት ዓመት የመብራት ቢል እንደሚበልጥ አስቡት። እናት መርዳት የሚጀምረው አጠገባችን ካለችው ነው።

የታክሲ ሹፌር

ይህ የመጨረሻው ቃል ለእኔ ከባድ ነው። አጠገቤ የሌሉትም ወላጆቼ ናቸው።

ሌላ ተከራይ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችበት በሞንጎመሪ ካውንቲ አፓርታማ አከራይ ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ ቤቱ ከ80 ፋራናይት እንዳያልፍ የሚያደርግ ማቀዝቀዣ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ኤሲው ዳግመኛ ቢበላሽ በስልክ ብቻ አታመልክቺ፤ ቀኑን ጠቅሰሽ በጽሑፍ ላኪ፤ ቴርሞሜትሩን ከሰዓቱ ጋር ፎቶ አንሺው፤ ካልተሠራ ወደ ካውንቲው የአገልግሎት ስልክ 311 ደውለሽ የካውንቲው ተቆጣጣሪ እንዲመጣ አድርጊ። በብስጭት ኪራይ ማቋረጥ ግን ክስ ያመጣብሻል፤ በሜሪላንድ ለከባድ ችግር ኪራዩን በፍርድ ቤት በኩል የማስያዝ ሥርዓት አለ። በዲሲና በቨርጂኒያ ሕጉ ስለሚለያይ የዚያ ነዋሪዎች የራሳቸውን ይመልከቱ።

ከሮክቪል፣ ቀድመው የመጡ እናት

ልጄ፣ መብረቅና በረዶ ለእናትሽ አዲስ ነገር አይደሉም፤ የአዲስ አበባ ክረምት አሳድጓታል። እኔም በጁላይ ነጎድጓድ ስሰማ ልቤ ወደ ቆርቆሮ ጣሪያችን ይሄዳል፤ እዚያ ግን ዝናቡ ሲያባራ ብርዱ ስለሚቀር ሰው ከሰል ዙሪያ ይሰበሰባል። እዚህ ዝናቡ አልፎም ወበቁ አይለቅም፤ መብራቱን ይዞት ይሄድ ይሆናል እንጂ። ጁን 29 ቀን 2012 ሌሊት ያለፈው ማዕበል ከመካከለኛው ምዕራብ ተነሥቶ በግማሽ ቀን አትላንቲክ ደርሶ ነበር፤ ዛፉን በየመንገዱ ጥሎ ብዙ ቤት በዚያ ሐሩር ለቀናት ያለ መብራት ቀረ። የእኛ ፍሪጅ ተበላሽቶ የወጡን ሽታ አልረሳውም። ስለዚህ ኤሲው ቢሠራ እንኳ መብራት ሲጠፋ የምትሄዱበት የዘመድ ቤት፣ በተለይ ቤዝመንት ያለው፣ አስቀድመሽ ያዢ። ነጎድጓድ ከተሰማ ደግሞ የመጨረሻው ድምፅ ካለፈ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ሕፃኗን ይዛችሁ ደጅ አትውጡ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዛሬውኑ ኤሲው ከጁን በፊት እንዲፈተሽ ለሕንፃው አስተዳደር በጽሑፍ አመልክቻለሁ፤ የመድኃኒቷንም ስም ወንድሜ ፎቶ አንሥቶ ይልክልኛል። ቀኑን ግን አሁንም አልወሰንኩም፤ በሜይ አጋማሽ ብትመጣ ሰውነቷ ሙቀቱን ቀስ በቀስ የሚለምድ ይመስላችኋል? ከእናንተ መካከል እንዲህ ያደረገ አለ?

የታክሲ ሹፌር

በሜይ ብትመጣ የበለጠ ጊዜ ትቆያለች፤ የበለጠ ቢልም ይከፈላል፤ እሱን የሚችል ያድርገው። ለእናትሽ አንድ ክፍል ማቀዝቀዝ ተገቢ መሆኑን እቀበላለሁ። በየክፍሉ ኤሲ ማሠራት ለማይችል ቤተሰብ ግን እናቱን እንዳያመጣ በሚያስፈራ መንገድ መናገር ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

ነርስ

እኔም አታምጡ አላልኩም፤ ሙቀቱን ሳትለኩ አትቀበሏቸው ነው ያልኩት። እህቴ፣ ስለ ሜይ የጠየቅሽውን ሐኪሟ ይመልስልሽ፤ እስከዚያው መኝታ ክፍሉ ውስጥ ቴርሞሜትር አስቀምጪና በመጀመሪያዎቹ ሙቅ ቀናት ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ስንት እንደሚል ጻፊልን።