ሞጁሌ ድምፁ ጠፋ፤ ታብሌት ይተካዋል?

ድራመሩ ከቀፊራ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ነኝ፣ ሰርግ ላይ ድራም እጫወታለሁ። የኤሌክትሮኒክ ድራም ነው ያለኝ። ባለፈው ሳምንት ልምምድ ላይ እያለን መብራት ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ ሞጁሉ፣ ማለት የምመታቸው ፓዶች የሚሰኩበት ሳጥን፣ ጭጭ አለ። ስክሪኑ ይበራል፣ ፓድ ስመታም ስክሪኑ ላይ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። በሄድፎንም በስፒከርም ግን ምንም ድምፅ የለም። አንድ ጠጋኝ ከፈተው፣ ዘጋው፣ «ቦርዱ ተቃጥሏል፣ ጣለው» ብሎ ገንዘብ ተቀበለኝ።

ፓዶቹ ደህና ናቸው። የእህቴን አንድሮይድ ታብሌት ለምኜ የድራም አፕ ጫንኩበት። በጣት ሲነካ ይሠራል። የፓዱን ገመድ በጃክ መቀየሪያ የሄድፎን ቀዳዳው ላይ ብሰካውም አልሰማኝም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰርግ አለብኝ። ምን ይሻላል?

የሳቢያን ልጅ፦
አቦ ምን አስጨነቀህ! ኦርጋኑ ላይ ያለው ቢት ይበቃል። ሰርግ ላይ ድራመር ማን ያየዋል?

ድራመሩ ከቀፊራ፦
ዋሪያ፣ ሙሽራው ያየኛል። የሚከፍለኝ እሱ ነው።

ባለ ሚክሰሩ ከሐረር፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ያንን ገመድ ከታብሌቱ ንቀለው። ፓዱ ውስጥ ያለችው እንደ ሳንቲም የከበበች ፒዬዞ ናት። ስትመታ ለቅጽበት ትንሽ ቮልቴጅ ታወጣለች፣ በቃ። የስኔር፣ የዚያ የሚንጣጣው ትንሽ ድራም፣ ድምፅ እሷ ውስጥ የለም።

ሞጁል ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ያቺን ቮልቴጅ «ስኔር ተመታ፣ በዚህን ያህል ኃይል» ወደሚል መልእክት መቀየር ነው። ይኼ ሚዲ ይባላል፣ ከ1983 ጀምሮ የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚግባቡበት ነው። ሁለተኛው ሥራው ድምፁን ማውጣት ነው። ስትመታ ስክሪኑ ከተንቀሳቀሰ የሞተብህ ሁለተኛው ብቻ ይመስለኛል። እንዳትጥለው!

ከጀርባው እንደ ፕሪንተር ቀዳዳ ካሬ መሰል ዩኤስቢ ካለው ተርፈሃል። የፕሪንተር ገመድና ኦቲጂ (ገመዱን ታብሌቱ ላይ ለመሰካት የሚያስችለው መቀየሪያ) ይዘህ ከታብሌቱ ጋር አገናኘው። እዚያው ድሬ ታይዋን ገበያ አታጣውም። ክቡ ባለ አምስት እግር ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ያለው ግን ሚዲን ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ኬብል ያስፈልግሃል። አፑም ሚዲ የሚቀበል መሆን አለበት። በጣት ብቻ የሚሠሩት አይሆኑህም።

ድራመሩ ከቀፊራ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! ካሬው ቀዳዳ አለው። ሌላ አፕ ጫንኩ፣ ድምፅ ወጣ። እናቴ ሳትቀር እልል አለች።

ችግሩ ይዘገያል። ስኔሩን እመታለሁ፣ ድምፁ ሻይ ጠጥቶ ነው የሚመጣው። ችክችካ ስሞክር እጄና እግሬ ተጣሉ። ደግሞ ፍሎር ቶሙን፣ ወፍራም ድምፅ ያለውን ድራም፣ ስመታ ደወል ነው የሚጮኸው። ስፒከሩ በብሉቱዝ ነው የተገናኘው፣ ችግር አለው እንዴ?

ባለ ሚክሰሩ ከሐረር፦
ብሉቱዝ! እሱን ቀድመህ አትነግረኝም?

ድምፅ በአየር ላይ 1 ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። 10 ሚሊሰከንድ ቢዘገይ ስፒከሩ ከአንተ 3 ሜትር ተኩል ርቆ እንደቆመ ቁጠረው፤ ይለመዳል። የተለመደው የብሉቱዝ ስፒከር ግን ከ100 በላይ ያዘገያል። አንተ ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ቁጭ ብለህ ስፒከሩ ወዲያ ማዶ ነው ያለው። በገመድ አድርገው፣ ከታብሌቱ ሄድፎን ቀዳዳ ወደ ሚክሰር።

ከዚያ የአፑ ሴቲንግ ውስጥ በፈር የሚል ፈልግ፤ አፑ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅመው መጠን ነው። 512 ከሆነ ወደ 12 ሚሊሰከንድ ነው፣ 128 ከሆነ 3። ዝቅ ስታደርገው ድምፁ ከተቆራረጠ 256 ላይ ተወው። እውነቱን ልንገርህ፣ በመዘግየት ነገር አይፓድ ከብዙ አንድሮይድ ይሻላል። ግን የእህትህን ታብሌት ሽጠህ አይፓድ ግዛ አልልህም።

ደወሉ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ፓድ ቁጥር ይልካል። በተለመደው አደራደር ኪክ 36፣ ስኔር 38፣ ዝግ ሃይሃት (በፔዳል የሚከፈትና የሚዘጋው ጥንድ ሲምባል) 42፣ ክፍቱ 46 ነው። 56 ካውቤል ነው፣ የሚጮህብህ እሱ ሳይሆን አይቀርም። አፑ ላይ ወይም ሞጁሉ ላይ ቁጥሩን ቀይረው።

የገንደ ቆሬዋ፦
ከልምድ ልናገር። እኔ ኪቦርድ ነው የምጫወተው፣ ግን በታብሌት ነው። ኤሮፕሌን ሞድ አድርገው! አንዴ መሃል ላይ ቴሌግራም «ጢን» ብሎ በትልቁ ስፒከር ወጣብኝ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ስልካቸውን አዩ። ደግሞ ፀሐይ አታስነካው። አፕል ራሱ አይፓድን እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ነው ተጠቀሙበት የሚለው፣ የኛ ድሬ ደግሞ በግንቦትና በሰኔ ያንን ትነካለች። የእኔ ድንኳን ውስጥ ሞቆ በራሱ ጠፍቷል። ከስኔሩ በታች ጥላ ውስጥ አስቀምጠው።

ድራመሩ ከቀፊራ፦
በገመድ ሲሆን ሌላ ድራም ሆነ፣ ወላሂ! 256 ላይ ነው ያለሁት፣ ችክችካው ተስተካከለ። ለሞጁሉ ስታቢላይዘር ተውሻለሁ። የቀረው ሃይሃቱ ነው። ወይ ዝግ ነው ወይ ክፍት፣ ግማሽ የለውም።

ባለ ሚክሰሩ ከሐረር፦
ፔዳሉ ግማሹን በሌላ መልእክት ነው የሚልከው፣ ሲሲ 4 ይባላል። አፕህ እሱን አይሰማም ማለት ነው። ለሰርግ ተወው፣ ማንም አይጠይቅህም።

ሰርጉ ካለፈ በኋላ ግን አንድ ነገር ሞክር። እኔ እዚህ ጁገል ጎረቤቴ ቤት ከረቡ፣ የሐረሪዎች ከበሮ፣ ሲመታ በስልክ ቀድቼ ኮአላ ሳምፕለር የሚባል አፕ ላይ ጭኜዋለሁ። ፍሎር ቶሙን ስትመታ ከረቡ ይወጣል። ያንተ ሞጁል ደህና በነበረበት ጊዜም ይኼ ድምፅ አልነበረውም።

ድራመሩ ከቀፊራ፦
ጋሼ፣ ከሰርጉ በፊት ይላኩልኝ እንጂ! የሙሽሪት ቤተሰብ ከሐረር ነው።