የርካሽ ጊታርን ፒክአፕ መቀየር ያዋጣል ወይስ ገንዘብ መበተን ነው?

ጠያቂው፣ ከደሴ፦ በሰርግ ባንድ ውስጥ ጊታር እመታለሁ። ጊታሬ ያገለገለች፣ የፋብሪካ ስሟ እንኳ የለቀቀ ናት። ባቲ ስመታባት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ በረዶ ትመስለኛለች። ኪቦርድ ተጫዋቻችን «ፒክአፑን (ከክሮቹ ሥር ሆኖ ድምፃቸውን የሚቀበለውን ባለ ማግኔት ዕቃ) ቀይር» ይለኛል። ጥሩው ፒክአፕ ግን ጊታሯን የገዛሁበትን ያህል ያወጣል። ለአህያ የወርቅ ኮርቻ አይሆንብኝም?

የኮምቦልቻው፦ ቀይረው! የብረቱ ክር ማግኔቱ ፊት ሲርገበገብ በተጠቀለለው የመዳብ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደው እሱ ነው። የርካሾቹ ማግኔት ሴራሚክ ነው፣ የጥሩዎቹ አልኒኮ (የአሉሚኒየም፣ የኒኬልና የኮባልት ቅይጥ)። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?

የወልዲያው፦ ሴራሚክ ያላቸው ውድ ፒክአፖችም ሞልተዋል፤ የሽቦው ዙርና አጠቃለል ከማግኔቱ ያላነሰ ድምፁን ይወስናል። እኔ ሬዲዮና አምፕሊፋየር ስጠግን ነው የሸበትኩት፣ ጊታርም ይመጣልኛል። «ፒክአፑ ሞቷል» ተብለው ከሚመጡት ብዙዎቹ የሚድኑት በካቻቢቴ ነው።

ልጄ፣ መጨረሻው ፍሬት (አንገቷ ላይ ከተደረደሩት የብረት ዘንጎች የመጨረሻው) ላይ ክሩን ተጫንና ከማግኔቱ እስከ ክሩ ያለውን ርቀት ለካ። ባለ አንድ ጥቅልል ፒክአፕ ከሆነ በወፍራሙ ክር በኩል 2.4፣ በቀጭኑ በኩል 2 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በጣም ከቀረበ ማግኔቱ ክሩን ይስበዋል፤ ድምፁ ቶሎ ይሞታል፣ ቅኝቱም ይዋዥቃል። ቀጥሎ ድልድዩ (ክሮቹ ከታች በኩል የሚያርፉበት ብረት) ላይ ያሉትን ብሎኖች እያስተካከልክ፣ 12ኛው ፍሬት ላይ የሚወጣው ድምፅ ከባዶው ክር በትክክል በአንድ ኦክታቭ የላቀ፣ ማለትም ያው ድምፅ በቀጭኑ፣ እንዲሆን አድርግ። ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አምባሰል ላይ ከመነሻው ድምፅ ቀጥሎ የሚመጣው በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው የሚርቀው፤ ጊታሩ ትንሽ ከተዛነፈ አምባሰል መሆኑ ይቀራል። ይህንን የትኛውም ፒክአፕ አያቃናውም፤ ጥሩ ፒክአፕ እንዲያውም ስህተቱን አጥርቶ ያሰማሃል።

የኮምቦልቻው፦ ጋሼ፣ በቅኝቱ ተረታሁ። ስለ ጩኸቱስ? የሰርግ ድንኳን ውስጥ ድምፁ ከፍ ሲል ርካሹ ፒክአፕ እንደ ፉጨት ያፏጫል።

የወልዲያው፦ እሱ እውነት ነው። ሽቦው ላልቶ ሲጠቀለል ራሱ ይርገበገባል፣ ልክ እንደ ማይክሮፎን። መድኃኒቱ ፒክአፑን በቀለጠ ሰምና ፓራፊን ውስጥ መንከር ነው፤ ሰም ደግሞ ከማር ነጋዴ አይጠፋም። ድስቱን ግን በቀጥታ እሳት ላይ እንዳትጥደው፤ ከ65 ዲግሪ ብዙ ካለፈ ፕላስቲኩ ይጣመማል።

ከሐይቅ፦ ሰሙን አገኘን፣ ወርቁን የሚያመጣው ማነው?

የኮምቦልቻው፦ ከመብራት መስመር የሚገባው 50 ኸርዝ እዝታስ? ሴት ላቨር (Seth Lover) የሚባለው መሐንዲስ ለጊታር ፋብሪካው ለጊብሰን ባለ ሁለት ጥቅልሉን ፒክአፕ፣ ሃምበከርን፣ በ1955 እ.ኤ.አ. የሠራው ለዚሁ ነው። እዝታውን በሰም አታጠፋውም።

የወልዲያው፦ አላጠፋውም፤ እዚህ ላይ መግዛቱን አልቃወምም። ሃምበከር ከገዛ ግን የድምፅ መቆጣጠሪያውንም ይመልከት፤ ለአንድ ጥቅልል 250፣ ለሃምበከር 500 ኪሎ ኦም ነው የተለመደው። በ250ው ካስገባው ድምፁ ይታፈናል። ያኔ «ፒክአፑ አስመሳይ ነው» እያለ ሻጩን ይረግማል።

ጠያቂው፦ ጋሼ፣ ማታ ለካሁት። በቀጭኑ ክር በኩል 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አልነበረም! ዝቅ ሳደርገው በረዶው ቆመ፣ ባቲም ባቲ ሆነ። እዝታው ግን አለ።

የኮምቦልቻው፦ እንግዲህ ገንዘብ ማጠራቀም ጀምር።

የወልዲያው፦ ቆይ። ክሩን በእጅህ ስትነካው እዝታው ይቀንሳል?

ጠያቂው፦ ምንም አይቀንስም።

የወልዲያው፦ ከድልድዩ ወደ ውስጥ የምትገባው የግራውንድ ሽቦ ተበጥሳለች ማለት ነው። አብሽር፣ ወደ ወልዲያ ስትመጣ ይዘሃት ና፤ የአምስት ደቂቃ ብየዳ ናት።