ሴንት አልባንስ ወይስ ታርኒት? ሰፈሩን የምታውቁ ንገሩኝ

የሞጣ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሜልበርን ያላችሁ የጎጃም ልጆች እስቲ አማክሩኝ። ፉትስክሬይ የተከራየነው ቤት ሊሸጥ ስለሆነ ልቀቁ ተብለናል። ሁለት ቤት አይተናል። አንዱ ሴንት አልባንስ ነው። ቤቱ ያረጀ ነው፣ ግን ጓሮው ሰፊ ነው፣ ባቡር ጣቢያውም በእግር ይደረሳል። ሌላው ታርኒት ነው። ቤቱ አዲስ ነው፣ ከጣቢያው ግን ይርቃል። ኪራያቸው እምብዛም አይለያይም።

ባለቤቴ የሌሊት ፈረቃ ስለሚሠራ እኔና ልጆቹ ብቻችንን ነው የምናድረው። ያማከርኩት ሰው ሁሉ የየራሱን ይለኛል። የአክስቴ ልጅ «ሴንት አልባንስ ከገባሽ እኔ ማታ መጥቼ አልጠይቅሽም» ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። ሥራ ቦታ ያለች ልጅ ደግሞ «ታርኒት መኪና ውጭ አያድርም» ትላለች። ኤጀንቱን ብጠይቀው ፈገግ አለና «በጣም ጥሩ ሰፈር ነው» አለኝ። ለእሱ ሁሉም ጥሩ ሰፈር ነው። እናንተ ሰፈሩ ደህና መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ማመልከቻው ሐሙስ ይዘጋል።

ዳሞት፦
እህቴ፣ የሰው ወሬ ተይና ቁጥሩን እዪ። ቪክቶሪያ (ሜልበርን ያለችበት ክፍለ ግዛት) ውስጥ የወንጀል ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የሚባል መሥሪያ ቤት አለ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2015 ጀምሮ ከፖሊስ ተለይቶ ራሱን ችሎ ነው የሚሠራው። በየሦስት ወሩ ያወጣል፣ ድረ ገጹ ላይ በነጻ ይገኛል። ችግሩ አነባበቡ ነው።

ብዙ ሰው የካውንስሉን (ብዙ ሰፈር የሚያስተዳድረውን ማዘጋጃ ቤት) ቁጥር ለሰፈሩ ይሰጠዋል። ሴንት አልባንስ ያለችው ብሪምባንክ ውስጥ ነው፣ ሰንሻይንም እዚያው ነው። ታርኒት ዊንደም ውስጥ ነው፣ ዌሪቢም እዚያው። «ብሪምባንክ ወንጀል በዛ» ከተባለ ሰንሻይን ሱቅ የተሰረቀ ሸሚዝ ሳይቀር ሴንት አልባንስ ላይ ይላከካል። ስለዚህ በሰፈር ስም የተለየውን ሠንጠረዥ አውርጂ። ደግሞ ድምሩን ትተሽ ከ100,000 ሰው ስንት የሚለውን ተመልከቺ። እሱም ይሸውዳል። መሃል ከተማው ከሁሉም የባሰ ይመስላል፤ የሚያድርበት ሰው ጥቂት፣ ቀን የሚገባበት ግን መዓት ስለሆነ ነው። ትልቅ ሞል ያለበት ሰፈርም እንደዚያው።

ዋናው ግን የወንጀሉ ዓይነት ነው። በሰው ላይ ተፈጸመ ተብሎ ከሚመዘገበው ብዙው በቤተሰብ መካከል፣ በር ተዘግቶ የሚደርስ ነው። ከባድ ነገር ነው፣ ግን ከባቡር ወርደሽ ስትሄጂ መንገድ ላይ የሚጠብቅሽ እሱ አይደለም። በብዛት የሚመዘገበው ደግሞ ከመኪና ውስጥ ዕቃ መስረቅ ነው። ላንቺ የሚጠቅምሽ ቤት ሰብሮ የመግባቱ ቁጥር ነው። የአንድ ዓመቱን ብቻ አይተሽ አትደንግጪ፣ አምስቱን ጎን ለጎን አድርጊው።

ጮቄ፦
ዳሞት፣ እጅህ ይባረክ። ግን አንድ ነገር ልጨምርበት። ቁጥሩ የሚቆጥረው የተነገረውን ብቻ ነው። የኛ ሰው መስታወቱ ተሰብሮበት ፖሊስ ይደውላል? «ምን ያመጡልኛል» ብሎ ጠርጎ ይተኛል። አደጋ ላይ ከሆናችሁ 000፣ ያለፈ ነገር ከሆነ 131 444 ነው። እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው እናቶችም አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላሉ።

የሞጣ ልጅ፣ የኔ ምክር ማታ ሂጂ ነው። ኢንስፔክሽን (ቤት ማሳየት) የሚደረገው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቅዳሜ ጠዋት የማያምር ሰፈር ደግሞ የለም። ባለቤትሽ እረፍት ሲሆን ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ከጣቢያው እስከ ቤቱ በእግራችሁ ሂዱ። የመንገድ መብራቱ ይሠራል ወይ? አቋራጩ በየት በኩል ነው? አስፋልቱ ዳር የመኪና መስታወት ስብርባሪ አለ? እኔ የልጅ ብስክሌት ሳር ላይ ተጥሎ ያደረበት ሰፈር ሳይ ልቤ ይረጋል።

ሌላም አለ። የመኪናሽን ኢንሹራንስ በሁለቱም አድራሻ ዋጋ ጠይቂ። ኢንተርኔት ላይ አምስት ደቂቃ ነው፣ መግዛት አይጠበቅብሽም። ኢንሹራንስ የመኪናውን ማደሪያ አይቶ ነው የሚያስከፍለው። ኤጀንቱ ቢዋሽሽ ምንም አይቀርበትም፣ ኢንሹራንሱ ግን ከኪሱ ነው የሚወጣው።

የሞጣ ልጅ፦
አሁን ሞከርኩት። ልዩነቱ የአንድ ቡና ዋጋ ነው! እንግዲህ የቱ ነው የሚያስፈራው?

አያ ደጀን፦
ልጄ፣ እንኳን ጠየቅሽ። እኔ እዚህ አገር ከመጣሁ ቆይቻለሁ፤ ሰው ሰፈሩን ሲያማ በሩን ሳያይ ይገባል። በፈረንጅ ከማርች 2021 ጀምሮ በሚሠራው ሕግ አከራይ የውጭ በር ላይ ደህና ቁልፍ የማድረግ ግዴታ አለበት። ከውጭ በቁልፍ፣ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት መሆን አለበት፤ እሳት ቢነሳ ቁልፍ ፍለጋ እንዳትሄዱ ነው። ከግድግዳው መስመር ጋር የማይገናኝ፣ በቀላሉ የሚነቀል የደህንነት መብራት ወይም ካሜራ ደግሞ አከራዩን ሳታስፈቅጂ መስቀል ትችያለሽ። የጎረቤት ግቢ እንዳያይ ብቻ አድርጊ። ሌላው፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ቤቱ ውስጥ ሰው ተገድሎ ከሆነ ከመፈረምሽ በፊት ሊነግሩሽ ይገባል። ጠይቂያቸው፣ አትፈሪ። ቦንዱም (የመያዣው ገንዘብ) ኤጀንቱ ኪስ አይቀመጥም፣ የቦንድ ባለሥልጣን ዘንድ ነው የሚገባው። ደረሰኝ ይላክልሻል።

በኛ ጊዜ አገር ቤት እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረም። ደጀን ላይ ቤት ስንይዝ የምንጠይቀው ጎረቤቱ ማነው ብለን ነው። ሌባ ቢመጣ ሮንድ የሚወጣው የሰፈሩ ወንድ ነበር። እዚህ ግን ግራና ቀኝ የሚኖረውን ሳላውቅ ስንት ዘመን ኖርኩ። አንዱ ጎረቤቴ ሲሞት ያወቅሁት ቤቱ ላይ የሽያጭ ሰሌዳ ሲተከል ነው። ለቅሶ እንኳ አልደረስኩም።

ብቸና፦
አያ ደጀን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ የሚያወሩት ሮንድ ዛሬ የት አለ? እኔ እዚህ ስለ መብራትና ስለ ካሜራ ሳነብ ሆዴ ይላወሳል። አገር ቤት ጦርነቱ ከተነሳ፣ በኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2015 ወዲህ፣ እናቴ የምትኖርበትን ሁኔታ ታውቃላችሁ። መንገዱ አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። እገታው አለ። ስልኩ ሲገኝ እኔን «ሰፈራችሁ ሰላም ነው ወይ?» ብላ ትጠይቀኛለች! ወንድሜ ወደ ባሕር ዳር እናውጣት ይላል። የስድስት ወር ኪራይ ቅድሚያ ላክ ተብያለሁ። ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የምልከው ዶላር ብዙ ብር ሆነ ብለው ሰዎች ደስ ይበልህ ይሉኛል። ኪራዩም ዘይቱም አብሮ ወጣ እኮ። እኔም እንግዲህ ሰፈር እየመረጥኩ ነው፣ በስልክ።

ከማርቆስ፦
ኔትወርክ ሲገኝ ነው የማያችሁ። ብቸና፣ አይዞህ ወንድሜ። እዚህ ማርቆስ ዱሮ ቤት የሚከራይ ሰው ውሃ አለው ወይ፣ ቆጣሪው የግል ነው ወይ ይል ነበር። አሁን ከወታደር ካምፕ ይርቃል ወይ ነው የሚለው። ባሕር ዳር የምታወጣት ከሆነ ዘመድ ያለበት ቀበሌ ይሁን። ብቻዋን አዲስ ቤት ውስጥ ብታስቀምጣት በር ዘግታ ነው የምትውለው። የሞጣ ልጅ፣ አንቺም ብትሆኚ ቤተ ክርስቲያኑ የሚቀርብሽን ያዢ። ይሄን ያህል ነው እኔ የማውቀው።

የግዮን ልጅ፦
የሞጣ ልጅ፣ አትቀየሚኝና የአክስትሽ ልጅ ሴንት አልባንስን የምትፈራው ስለምን እንደሆነ ጠይቀሻታል? እኔ ኖሬበታለሁ። የቬትናሞች ዳቦ ቤት አለ፣ በጡረታ ያሉ የማልታ ሽማግሌዎች አሉ፣ ሜዳው ላይ ኳስ የሚጫወቱ የሱዳን ልጆች አሉ። ሰዉ «መጥፎ ሰፈር» ሲል ብዙ ጊዜ ድሃና ጥቁር በዝቶበታል ማለቱ ነው። እኛም ተቀብለን እናስተጋባለን።

የረሳችሁ ካላችሁ ላስታውሳችሁ። በፈረንጅ 2018 መጀመሪያ የአውስትራሊያ ሚኒስትር የነበረው ፒተር ደተን የሜልበርን ሰው ጋንግ (የወሮበላ ቡድን) ፈርቶ ማታ ሬስቶራንት አይወጣም ብሎ ነበር። ቴሌቪዥኑ «የአፍሪካ ጋንግ» እያለ ከረመ። ታርኒትም ያኔ ስሟ በየዜናው ይነሳ ነበር። ባቡር ውስጥ ቦርሳዋን ወደ ጉያዋ የምታስጠጋው ሴትዮ ሱዳኑን ከጎጃሙ ለይታ ነበር እንዴ? እኔን እያየች ነው ያስጠጋችው።

የሰንሻይኑ፦
ግዮን፣ አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ወደ ዘር ታዞረዋለህ። ልጄን ባቡር ላይ መትተው ስልኩን ነጥቀውታል። እኔ ማን ናቸው ብዬ አላወራሁም። የሞጣ ልጅም የጠየቀችው ልጆቿን ይዛ የት እንደምታድር ነው። እናት ስትፈራ ዘረኛ ናት ይባላል?

የግዮን ልጅ፦
ልጅህ ለደረሰበት በጣም አዝናለሁ። ዘረኛ ያልኩት ሰው የለም። ነገር ግን ራስህ አስበው። ነጠቃው የደረሰው ባቡር ላይ ነው። ባቡሩ በስንት ሰፈር ያልፋል? ስሙ የሚጠፋው ግን ሁልጊዜ የእነዚያው ሁለት ሦስት ሰፈሮች ነው። ብራይተን ላይም መኪና ይሰረቃል፣ ብራይተን ግን መጥፎ ሰፈር ተብሎ አያውቅም።

የሰንሻይኑ፦
ብራይተን የሚከራይ ገንዘብ ካለህ እሺ፣ እንሂድ!

ዳሞት፦
ብራይተን ሀብታም ሰፈር ስለሆነ ሌባ ይመርጠዋል። እሱን እኮ ነው እኔ በቁጥር እንነጋገር የምለው።

ጮቄ፦
ወንዶች፣ እስቲ ቀዝቀዝ በሉ። ልጅቷ ጥያቄ ነበራት። የሞጣ ልጅ፣ ማታ ሄዳችሁ?

የሞጣ ልጅ፦
ኧረ በእመቤቴ፣ እናንተን ሳነብ ልሄድበት የነበረውም ረሳሁት። ትናንት ሴንት አልባንስ ሄደን ነበር። ጣቢያው ላይ ዩኒፎርም የለበሱ ጠባቂዎች አሉ፣ ሰውም ይወርዳል። መንገዱ ግማሹ በርቷል፣ ግማሹ ጨለማ ነው። አንዲት አሮጊት ውሻዋን ይዛ ብቻዋን ትሄድ ነበር። ባለቤቴ «በቃ፣ እሷ ካልፈራች እኛ ምን ሆንን» አለ። እኔ ደግሞ ውሻውን አየሁት፣ ጥጃ ያክላል! ታርኒት ገና አልሄድንም። በእርግጥ እዚያ ባቡሩ የቪላይን (ወደ ክልል ከተሞች የሚሄደው) ስለሆነ ሌሊት እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ ብዬ ነበር፣ ማንም አልመለሰልኝም።

ጮቄ፦
ጣቢያ ላይ ያየሻቸው ፒ.ኤስ.ኦ. (የጥበቃ መኮንኖች) ይባላሉ። በፈረንጅ ከ2012 ጀምሮ ነው የመጡት። ፖሊስ አይደሉም፣ ግን መያዝም መቅጣትም ይችላሉ። ከጣቢያው ርቀሽ ከሄድሽ ግን ከነሱ ጋር አይደለሽም። ስለዚህ ታርኒትን ስታዪ ዋናው ነገር ከጣቢያው ቤት ድረስ በምን ትሄጃለሽ የሚለው ነው። የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው? ባለቤትሽ መኪናውን ይዞ ሲወጣ አንቺ ሌላ መኪና አለሽ? አዲስ ሰፈር ላይ ቤቱ ቀድሞ ይሠራል፣ አውቶቡሱና ሱቁ በኋላ ነው የሚደርሰው። ልጆቹም መንግሥት ትምህርት ቤት ከሆኑ በአድራሻችሁ ነው የሚመደቡት፤ እሱንም ካርታው ላይ እዪው።

አያ ደጀን፦
መኪና ከሌላት ታርኒት አይሆንም። እኔ ልጄ ጋር ሄጄ ወተት ለመግዛት ሰው ጠብቄያለሁ።

ብቸና፦
ከማርቆስ፣ አመሰግናለሁ። ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ የአጎቴ ልጅ አለች። እሷ አጠገብ አንድ ክፍል ቤት ከተገኘ እናቴ ትመጣለች። መንገዱ ሲከፈት ማለት ነው። በየት በኩል እየወጣ እንዳለ የምታውቁ በውስጥ ጻፉልኝ፣ እዚህ አትጻፉት።

የሞጣ ልጅ፦
ወንድሜ ብቸና፣ እግዚአብሔር ያውጣልህ። እህቴ ከሞጣ ባለፈው ወር ወጥታለች፣ በውስጥ እጽፍልሃለሁ።

የቤቱ ነገር፣ ለሁለቱም ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ለሴንት አልባንሱ ብዙ ሰው አመልክቷል ብሎኛል ኤጀንቱ። የፈቀደልን ቤት እንገባለን እንግዲህ። ባለቤቴ የቱም ቢሆን መብራትና ካሜራ ልግዛ ብሏል።

የሰንሻይኑ፦
መልካም ነው እህቴ። ግዮን፣ አንተ ግን ሴንት አልባንስ እንዲህ ጥሩ ከሆነ ለምን ለቅቀህ ወደ ፖይንት ኩክ ሄድክ?

የግዮን ልጅ፦
ቤት ስለገዛሁ! ደግሞ የኔ ቤት እዚህ ምን አመጣው?