የቦቢ ቆዳ ይራገፋል፤ ለልጆቼ ይጋባል ወይ?

ጠያቂ (ሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)
ሰላም ወገኖች። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ያመጣልኝ የ8 ወር ጎልደን ሪትሪቨር ውሻ አለኝ፣ ቦቢ ይባላል። ሲመጣ ሆዱና ጎኑ ላይ ነጭ ፎረፎር ነበረው። አሁን ፎረፎሩ ቅርፊት ሆኗል፤ የሆዱ ቆዳ ጠቁሯል፣ ሻክሯል። ሳበጥረው ምንጣፉ ቀረሶ ዓሣ የተገፈፈበት ይመስላል። ግን አያሳክከውም፣ ፀጉሩም አልተመለጠም፣ ይበላል፣ ይጫወታል። ጎረቤቶቼ እከክ ነው ብለው ልጆቻቸውን ከግቢዬ ከለከሉ። አንዱ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቢው ይለኛል፣ ሌላዋ ጣና ወስደሽ እጠቢው። ትናንት ባለቤቴ «ለልጆቹ ሳይጋባ ለሰው እንስጠው» ሲል ትንሿ ልጄ አንገቱን አቅፋ ስታለቅስ አመሸች። እባካችሁ፣ የሚያውቅ ይንገረኝ።

አምባዛ
ዘይቱን እንዳትነኪው! ይልሰዋል፣ ይመርዘዋል። እኔ ውሻዬን ያጣሁት በዚሁ ነው፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ጣናም አትውሰጂው፤ ውኃው ውስጥ ገብታችሁ ስታጥቡት ቢልሃርዚያ ለእናንተ ይተርፋል።

የእንስሳት ሐኪም
እህቴ፣ ሳላየው መቁረጥ አልችልም፤ የጻፍሽው ግን ኢክቲዮሲስን ይመስላል። ጎልደኖች ላይ በብዛት የሚታይ፣ አብሯቸው የሚወለድ የውርስ ችግር ነው። ስሙ የመጣው ዓሣ ከሚለው የግሪክ ቃል ነውና ቀረሶ ማለትሽ ልክ ነው። ቆዳው ያረጀውን ሽፋን በወጉ ስለማያራግፍ ይደራረባል። ምክንያቱ ፒኤንፒኤልኤ1 በሚባለው ዘረመል ላይ ያለ ጉድለት መሆኑ በ2012 እ.ኤ.አ. ታውቋል። ጉድለቱ ከእናትም ከአባትም ካልተወረሰ በሽታው አይወጣም፤ ወላጆቹ ጤነኛ ሆነው ሊሸከሙት ይችላሉ። ሁለት ተሸካሚዎች ሲገናኙ ከ4 ቡችሎች በአማካይ 1 ይታመማል። ለሰውም ለሌላ ውሻም አይጋባም።
መጀመሪያ ግን ቆዳው ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታይ። ጭርት ሊመስል ይችላል፣ ጭርት ደግሞ ለሰው ይጋባል፤ እስከዚያው ልጆቹ ከነኩት በኋላ እጃቸውን ይታጠቡ። ኢክቲዮሲስ ከሆነ አይድንም፤ አዘውትሮ ማበጠርና ቆዳ በሚያለሰልስ የውሻ ሻምፑ ማጠብ ግን በጣም ያቀልለታል። የሰው ሳሙና ቆዳውን ያደርቀዋል። ለማራባት አትስጪው።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዶክተር። ዛሬ ተፍቆ ታየ፤ እከክም ጭርትም የለበትም። ወንድሜ የቦቢን እናት አሳዳጊዎች ጠይቆ ነበር፣ አብሮት የተወለደ አንድ ቡችላም እንዲሁ ይራገፋል አሉ። የቦቢን እናትና አባት ዳግመኛ እንዳያገናኟቸው ለምኛቸዋለሁ። ቦቢ እኛው ጋር ነው፣ የትም አይሄድም። ሻምፑው ባሕር ዳር የት እንደሚገኝ የምታውቁ ንገሩኝ፤ ካጣሁ ወንድሜ ይልክልኛል።