እናትን ከእኛ ጋር ልናኖር ነው፤ ወረርሽኝ ቢመጣስ?

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ቪዛቸው ወጥቶላቸው በቅርቡ ከእኛ ጋር ሊኖሩ ይመጣሉ። 75 ዓመታቸው ነው። እኔና ባለቤቴ 45 ገደማ ነን፣ ልጃችን 10 ዓመቷ ነው። ባለቤቴ «እንደ ኮቪድ ያለ ነገር ዳግም ቢመጣ በዚህች ጠባብ ቤት ምን እናደርጋለን?» እያለ ይጨነቃል። እኔ የማስታውሰው ከ100 ሰው አንድ ነው የሚሞተው ሲባል ነው። ያን ያህል ያሳስባል እንዴ? የምታውቁ ንገሩኝ።

*

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ፤ በሰላም ያምጣልሽ። ሥራዬ የወረርሽኝ አኃዝ ማየት ስለሆነ ትንሽ ላብራራ። ያ «ከ100 አንድ» አማካይ ነው፤ እቤትሽ ካሉት ከአንዳችሁም ጋር አይገጥምም። ክትባት ከመምጣቱ በፊት፣ በ2020፣ ከብዙ አገሮች የተገኘ መረጃ ተሰባስቦ ሲሰላ በኮቪድ ከተያዙ የ10 ዓመት ልጆች የሚሞተው ከ50,000 አንድ ገደማ ሆኖ ተገኘ። በ25 ዓመት ከ10,000 አንድ። በእናንተ ዕድሜ ከ1,000 አንድ ገደማ፣ በ55 ከ1,000 አራት፣ በ65 አሥራ አራት። በእናትሽ ዕድሜ ከ1,000 ወደ 46 ይደርሳል፤ 85 ላይ 150። በልጅሽና በእናትሽ መካከል ያለው ልዩነት ከ2,000 እጥፍ በላይ ነው፣ የሚተኙት ግን ምናልባት አንድ ክፍል ውስጥ ነው።

ብዙ ሰው 60 ወይም 65 ሲሞላ ድንገት አደጋ ውስጥ የሚገባ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። በየ20 ዓመቱ በግምት አሥር እጥፍ እየሆነ ነው የሚወጣው፣ እኔና አንቺም መንገዱ ላይ ነን።

ምክንያቱ ስኳርና ግፊት ብቻ አይደለም። ከደረት አጥንት ጀርባ ያለው ታይመስ የሚባለው ዕጢ አዳዲስ ቲ-ሴሎች (ተሕዋስን የሚዋጉ የነጭ ደም ሴሎች) የሚበስሉበት ነው፤ ከጉርምስና በኋላ እየሟሸሸ ይሄዳል። ስለዚህ የአዛውንት ሰውነት ድሮ የሚያውቀውን ተሕዋስ ይመክታል፣ ፈጽሞ አዲስ የሆነ ሲመጣበት ግን ይዘገያል።

*

ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነ ታዲያ እኛ ሃያዎቹ ውስጥ ያለነው ምን በወጣን ቤት እንዘጋለን? ሁለት ሥራ ነው የምሠራው፤ ያኔ ሥራው ሲዘጋ የቤት ኪራይ የከፈለልኝ የለም።

*

ወንድሜ፣ የኪራዩ ነገር እውነትህን ነው፣ ሸክሙ እኩል አልተከፋፈለም። ነገር ግን የኮቪድን ስሌት ይዘህ የሚቀጥለውን ወረርሽኝ እንዳትጠብቅ። በ1918ቱ ኢንፍሉዌንዛ (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉ ጎልማሶች እንደ ቅጠል ረገፉ፤ በዕድሜ የገፉት ግን ከተፈራው በታች ነው የተጎዱት። አንዱ ማብራሪያ፣ አዛውንቶቹ በልጅነታቸው ተቀራራቢ ቫይረስ አግኝቷቸው ነበር የሚል ነው። በ2009ኙ የኤች1ኤን1 ኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝም ከሞቱት 80 በመቶ ያህሉ ከ65 ዓመት በታች እንደነበሩ ይገመታል። ስለዚህ አዲስ በሽታ ተነሣ ሲባል ስንት ሰው ሞተ ከማለቴ በፊት፣ የሞቱት የስንት ዓመት ሰዎች ናቸው ብዬ ነው የምጠይቀው።

*

ይቅርታ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። በመጋቢት 2020 ጣሊያን ውስጥ የሚሞተው ሰው ከደቡብ ኮሪያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል ይባል ነበር። ቫይረሱ አንድ አይደለም እንዴ?

*

አንድ ነው። ጣሊያን በምርመራ ያገኘችው አብዛኛው በሽተኛ በዕድሜ የገፋ ነበር፤ ኮሪያ በሰፊው ስለመረመረች ብዙ ወጣት አገኘች። የሞተውን ቁጥር የምታካፍልበት ሕዝብ ሲለያይ መልሱም ይለያያል። ዳይመንድ ፕሪንሰስ የተባለችውን መርከብ ታስታውሱ እንደሆነ፣ ከ3,711 ሰዎች 712 ተይዘው ነበር። ምልክት ያሳየውም ያላሳየውም ስለተመረመረ ለባለሙያዎች ትልቅ ትምህርት ሆነ፤ ግን ተሳፋሪው አብዛኛው ጡረተኛ ስለነበር ያንኑ የሞት መጠን ወስዶ ለወጣት አገር ማዋል አይቻልም። የጃፓን ሕዝብ ግማሹ ከ48 ዓመት በላይ ነው፣ የኒጀር ግማሹ ግን ከ16 በታች።

*

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ለእናቴ ምን ላድርግ?

*

ክትባታቸውን እንደመጡ አስጨርሺ፣ የኢንፍሉዌንዛውንም ጨምረሽ። ክትባት የሁሉንም አደጋ ዝቅ ያደርጋል እንጂ የዕድሜውን ልዩነት አያጠፋውም፣ ስለዚህ ወረርሽኝ ሲነሣ የቤቱ ሕግ በእሳቸው ዕድሜ ይውጣ። የታመመ ሰው ለብቻው ይተኛ፣ መስኮት ይከፈት።

ሌላው፣ ለሐኪም የምታስተረጉሚላቸው አንቺ ነሽ። አዛውንት ብዙ ጊዜ ሳያተኩሳቸው ይታመማሉ። ምግብ መተው፣ መደናገር፣ ድንገት መውደቅ የመጀመሪያው ምልክት ሊሆን ይችላል። በጤናቸው ጊዜ ስንት ሰዓት እንደሚነሡ፣ ምን ያህል እንደሚራመዱ፣ የኦክስጅን መለኪያው ስንት እንደሚያሳይ ጽፈሽ ያዥ። «ትኩሳት አላቸው?» ተብለሽ «የለም» ካልሽ ወደ ቤት ይመልሱሻል፤ «ትናንት ስሜን እየጠሩኝ ነበር፣ ዛሬ አላወቁኝም» ካልሽ ግን ያዩዋቸዋል።