ዲፎርዲ መኪናዬ ጉልበት አጥታ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፤ የ2ኬዲ ተርቦ ይገጥምላታል? (አስቸኳይ)

ዳገት_ፈሪ
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ትናንት ማታ ደህና ገብታ ዛሬ ጠዋት ዳገት ላይ እምቢ አለች። ነዳጅ እስከ ወለሉ ረግጬ በሁለተኛ ማርሽ እንደ ጋሪ ነው የምትንፏቀቀው። ከኋላ ጭሱ ጥቁር ነው፣ የሚከተሉኝ መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ ያልፉኛል። የሞተር መብራት በርቷል። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አንድ ደቂቃ አዳመጠና «ተርቦው (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) ሞቷል፣ ይቀየር» አለ። አንድ ሰው ደግሞ ከ2ኬዲ ሞተር ላይ የወረደ ደህና ተርቦ አለኝ ብሎኛል፣ እስከ ማታ መልስ ይጠብቃል። የኔ ዲፎርዲ ናት። ይገጥማል አይገጥምም? ነገ ሌሊት ረጅም መንገድ አለብኝ። እባካችሁ ቶሎ።

ጎማ_ቆጣቢ
ኢጂአሩን (ጭስ ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን ቫልቭ) አጽዳው።

ሚኒሞ
ነገ ቁልቁለት ብቻ ያለበትን መንገድ ምረጥ 😂

አሮጌ_መፍቻ
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። ዲፎርዲ የሞተር ስም አይደለም። ቶዮታ ለኮመን ሬል (ናፍጣው በአንድ የጋራ ቧንቧ በከፍተኛ ግፊት ለሚጠራቀምባቸው) ናፍጣ ሞተሮቹ የሰጠው የወል መጠሪያ ነው። 1ኬዲም ዲፎርዲ ነው፣ 2ኬዲም ዲፎርዲ ነው፣ በ2015 የመጣው 1ጂዲም እንደዚሁ። ስለዚህ «የኔ ዲፎርዲ ናት» ስትለን «የኔ መኪና ጎማ አላት» እንዳልከን ቁጠረው። 1ኬዲ 2982 ሲሲ ነው፣ የሲሊንደሩ ስፋት 96 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 103። 2ኬዲ ደግሞ 2494 ሲሲ ነው፣ 92 በ93.8። ሁለቱም አራት ሲሊንደርና 16 ቫልቭ ናቸው፣ ወንድማማች ናቸው፣ ግን አንድ አይደሉም። የትኛው እንደሆነ ሞተሩ ላይ ተቀርጿል፣ የመኪናዋ ካርድ ላይም አለ። እሱን ሳትነግረን ተርቦ ይገጥማል ወይ ማለት የእግር ቁጥር ሳይናገሩ ጫማ ማዘዝ ነው። በኛ ጊዜ መካኒክ ሞተሩን ከነመወለጃው ያውቀው ነበር፣ ዛሬ ግን ሁሉም ነገር

ሚኒሞ
@አሮጌ_መፍቻ ጋሼ፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት ሄዱ፣ ደህና ነዎት?

አሮጌ_መፍቻ
ስልክ ተደውሎልኝ ነው።

ዳገት_ፈሪ
በመጀመሪያ ወንድማችሁ ሳልሆን እህታችሁ ነኝ። ሁለተኛ፣ አሁን ወርጄ አየሁት፣ 1ኬዲ ይላል፣ 3.0 ነች። ማርሿ በእጅ ነው። ታዲያ ይገጥማል?

የተርቦ_ጎረቤት
እህቴ፣ አትግዢው። ብዙዎቹ የመጀመሪያዎቹ 2ኬዲዎች ቀላል ተርቦ ነው ያላቸው፤ ግፊቱ ሲበዛ ማስተንፈሻ በር ይከፍታል፣ ያ ብቻ ነው። የ1ኬዲው ሌላ ነገር ነው። በጭስ ማውጫው በኩል ዙሪያውን የሚንቀሳቀሱ ክንፎች አሉት፣ ክንፎቹን የሚያዞራቸው በኮምፒውተሩ የሚታዘዝ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ያለዚያ ሞተር ኮምፒውተሩ የሚያዘው ነገር ስለሌለው መብራቱን አብርቶ ጉልበቱን ይቆርጥብሻል። 2ኬዲም በኋላ ክንፍ ያለው ተርቦ የተገጠመለት አለ፣ ግን ለ2.5 ሊትር ሞተር ተለክቶ የተሠራ ነው። ብሎኑ ገባ ማለት ሠራ ማለት አይደለም። የተርቦሽ ሳህን ላይ ያለውን ቁጥር አንብቢና ያው ቁጥር ካልሆነ ዝም በዪ።

ግን ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ተርቦው መሞቱን ማን አረጋገጠ? በጆሮ?

ዳገት_ፈሪ
መካኒኩ ነዋ። 20 ዓመት የሠራ ሰው ነው። ጉልበት የለም፣ ጭስ አለ፣ መብራት በርቷል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

የተርቦ_ጎረቤት
ብዙ ነገር። ጥቁር ጭስ የሚነግርሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ናፍጣው ከአየሩ በዝቷል። አየሩ ለምን አነሰ የሚለውን አይነግርሽም። ተርቦ የዘይት ማፈኛው አልቆ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ጭስና የዘይት መጉደል ያመጣል፣ አንዳንዴም እንደ ሳይረን ያላዝናል። አንቺ ዘይት ጎደለ አላልሽም።

እነዚህን መልሺልኝ። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትረግጪ ሞተሩ ሲሠራ) ስትቆም ደህና ናት? ነዳጅ ስትሰጪ ፉጨት ወይም እንደ ፊኛ የሚተነፍስ ድምፅ አለ? መኪናዋን አጥፍተሽ ስታስነሺ ጉልበቷ ትንሽ ይመለሳል? ኮዱስ ተነቧል?

ሦስተኛዋ ጥያቄ ዋጋ አላት። አጥፍቶ ማስነሳት ጉልበቷን ከመለሰላት፣ የተርቦው ክንፎች በጥላሸት ተይዘው ግፊቱ እየበዛ ኮምፒውተሩ ራሱን የሚከላከል ሊሆን ይችላል። ምንም ካልቀየራት ግን አየር የሚያመልጥበት ቦታ እፈልጋለሁ።

ጎማ_ቆጣቢ
ኢጂአሩን አጽጂው። እኔ ሦስት መኪና ላይ እሱው ነበር።

ባለ_ፖምፓ
የነዳጅ ፊልትሮ ቀይሪ። ካልሆነ የፖምፓው መምጠጫ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ነው፣ በዚህ ሞተር የታወቀ በሽታ ነው። ካልሆነም የትኛው ኢንጄክተር (ናፍጣ ረጪ) እንደታመመ ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የኢንጄክተሮቹን ቱቦ አንድ በአንድ ላላ አድርገሽ እዪ፣ ድምፁ ያልተለወጠበት እሱ ነው ጥፋተኛው።

ዘይት_ይቁጠር
@ባለ_ፖምፓ የመጨረሻውን አጥፋው በእግዜር! ያ የድሮ ናፍጣ ዘዴ ነው። ኮመን ሬል ላይ ግፊቱ በሥራ ላይ ከ1000 ባር ያልፋል፣ ሚኒሞ ላይም ቢሆን ቆዳ ይበሳል። ናፍጣ በቆዳ ሥር ገባ ማለት ሆስፒታል ነው፣ ጣትም ሊያስቆርጥ ይችላል። ማንም እንዳይሞክረው። ኢንጄክተር በኮምፒውተር ንባብ ነው የሚለየው።

ስለ ቫልቩ ልክ ነህ፣ በሽታው የታወቀ ነው፤ እሱ ግን የሚታየው ሚኒሞ ከፍ ዝቅ ሲልና በመብራት ላይ ስትቆም ድንገት ሲጠፋ ነው። ጥቁር ጭስ ደግሞ ናፍጣ እየደረሰ መሆኑን ነው የሚያሳየው። ፊልትሮ ቢደፈን ኖሮ ጉልበቱ ይቀንሳል እንጂ እንዲህ አታጨስም።

ባለ_ፖምፓ
እኔ 15 ዓመት ስፈታ እጄ ይኸው ሙሉ ነው።

ሚኒሞ
እስኪ ቁጠራቸው።

ዳገት_ፈሪ
እሺ። ሚኒሞ ላይ ጸጥ ያለች ናት፣ ምንም አትልም። ነዳጅ ስሰጥ ከበፊቱ የተለየ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ አለ፣ እሱን ነው መካኒኩ ተርቦ ያለው። አጥፍቼ አስነስቻታለሁ፣ ያው ናት። ጎረቤቴ ማንበቢያ አለው፣ ፒ 0299 አለ።

የተርቦ_ጎረቤት
ፒ 0299 ማለት የታዘዘው ግፊት አልደረሰም ማለት ነው። ተርቦ ሞቷል ማለት አይደለም። ሚኒሞ ላይ ደህና፣ ሲረገጥ «ሽሽሽ»፣ ማጥፋት ማስነሳት አይለውጠውም፣ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ይጠቁማል። ከተርቦው ወደ ኢንተርኩለሩ (ወደ አየር ማቀዝቀዣው)፣ ከኢንተርኩለሩም ወደ ሞተሩ የሚሄዱት ወፍራም የጎማ ቱቦዎች አንዱ ተቀዷል ወይም ከአንገቱ ወጥቷል።

ጭሱ ለምን ጠቆረ ካልሽ፣ የአየር መለኪያው ከተርቦው በፊት ነው ያለው። ይህን ያህል አየር ገባ ብሎ ቆጥሮ ለኮምፒውተሩ ይነግራል፣ ኮምፒውተሩም በዚያ ሒሳብ ናፍጣ ይሰጣል። አየሩ ግን መንገድ ላይ በቀዳዳው ወጥቷል። ናፍጣው ብቻውን ቀረ፣ ግማሹ ሳይቃጠል በጭስ ማውጫው ወጣ።

አሁን ሞተሩን አጥፊና ሲቀዘቅዝ ቱቦዎቹን በእጅሽ ዳብሺ፣ በተለይ ከታች በኩል፣ ዓይን የማያየው ጎን። ጎማው ሥር እርጥብ ዘይትና አቧራ የተለጠፈበት ቦታ ካለ እሱ ነው። ማሰሪያ ብረቶቹንም አሽከርክሪያቸው፣ በጣት የሚዞር ካለ ላልቷል። ካላገኘሽ ሰው ነዳጅ እየሰጠልሽ የሳሙና ውሃ ርጪበት፣ አረፋ የሚያወጣውን ታያለሽ። ከማራገቢያውና ከቺንጋው ግን እጅሽንም ነጠላሽንም አርቂ።

አሮጌ_መፍቻ
ተመለስኩ። አንድ ነገር ልጨምር። ተርቦ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ነው የሚሽከረከረው፣ ዘንጉን የተሸከመው ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ስለዚህ በእርግጥ ሞቶ ከሆነ ለምን ሞተ ሳይባል አዲስ መግጠም አዲሱንም መቅበር ነው። እህቴ፣ የአየር ማስገቢያ ቱቦውን ነቅለሽ የተርቦውን ዘንግ በጣት ነካ አድርጊ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ! ወደ ጎን ትንሽ መንቀሳቀሱ ደንብ ነው፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ከተገፋ ወይም ክንፉ ቤቱን ከፋቀ ግን አልቋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ በማታ ቀጠሮ ተርቦ አይገዛም።

ዘይት_ይቁጠር
ጋሼ ያሉት ላይ፣ በዚህ ሞተር ተርቦም ሞተርም የሚገድለው ሌላ ነገር ስላለ 1ኬዲ ያላችሁ ሁሉ አንብቡት። ከኢንጄክተሮቹ ሥር የመዳብ ቀለበት አለ። እሱ ሲያልቅ የሚቃጠለው ጋዝ ሽቅብ ያመልጥና ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ዘይቱ ቶሎ ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ ጥላሸቱ ቀስ እያለ ኮፓው (የዘይት ገንዳው) ውስጥ ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍናል። ከዚያ ዘይት መጀመሪያ የሚቀርበት ተርቦው ነው፣ ቀጥሎ ክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ)። ኢንጄክተር የወጣበት ጊዜ ሁሉ ቀለበቱ አዲስ መሆን አለበት፣ አሮጌውን መልሶ መግጠም በገዛ እጅ ነው። ኢንጄክተሩ ራሱ ከተቀየረም ላዩ ላይ የተጻፈው ረጅም ኮድ ኮምፒውተሩ ውስጥ መግባት አለበት። ጠዋት ስታስነሱ የዘይት መብራቱ ከወትሮው ዘግይቶ ከጠፋ ቀጠሮ አትስጡ፣ ኮፓው ይውረድና ወንፊቱ ይታይ።

ኮረብታው_ሥር
እኔ ሌላ ፍርሃት አለኝ። ተርቦ ዘይት እየተፋ ኢንተርኩለሩ ውስጥ ከተጠራቀመ፣ ናፍጣ ሞተር የራሱን ዘይት እያነደደ በራሱ ጊዜ ዙር ሊጨምር ይችላል። ቁልፍ ብታጠፉም አይጠፋም፣ አንዴ አይቼዋለሁ፣ አልረሳውም። ባለ እጅ ማርሽ ከሆነ ከፍተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬን አጥብቆ ይዞ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ነው፣ ታንቆ ይቆማል። አውቶማቲክ ከሆነ አየር ማስገቢያውን በሰሌዳ ወይም በወፍራም ነገር መድፈን። በእጅ አይሆንም! ስለዚህ ዘይት እየጎደለ ከሆነ ነገ መንገድ የለም።

ዳገት_ፈሪ
ዘይቱን ለካሁት፣ ልክ ነው፣ አልጎደለም። አንድ ነገር ልናገር፣ የሚያገናኘው ስላልመሰለኝ ነው ያልጻፍኩት። ከሁለት ሳምንት በፊት ሌላ ቦታ ራዲያተሩን ለማጠብ አውርደውት ነበር፣ ያኔ እነዚህን ወፍራም ቱቦዎች ፈትተው ሲያስሩ አይቻለሁ።

የተርቦ_ጎረቤት
😐

ሚኒሞ
የሚያገናኘው ስላልመሰላት 😂😂 እኛ እዚህ ተርቦ ልንቀብር ፍታት ጀምረናል

አሮጌ_መፍቻ
አትሳቁባት፣ በሽተኛ ለሐኪም ሁሉን አይናገርም። እህቴ፣ ባትሪ ይዘሽ ውረጂ፣ ያቺን ቱቦ እዪ። ተነቅላ ከሆነ አንገቱን ከዘይቱ በደረቅ ጨርቅ ጠርገሽ፣ እስከ ጥጉ አስገብተሽ ማሰሪያውን አጥብቂው። ከተቀደደ ግን በፕላስተር አትጠቅልዪው፣ ዳገት ላይ በግፊቱ ይፈነዳል።

ዳገት_ፈሪ
ወርጃለሁ። ከታች በኩል ጎማው ሥር ዘይት የነካው ጥቁር ጭቃ አለ፣ ማሰሪያው ግን ጠበቅ ያለ ይመስላል፣ በስልክ መብራት በደንብ አይታይም። ሰውዬው ስለ ተርቦው ደወለ፣ አላነሳሁትም። ባትሪዬ ሊያልቅ ነው፣ ሲነጋ አይቼ እጽፋለሁ

ኮረብታው_ሥር
ጎማው ስብራት እንዳለው ለማየት በሁለት እጅ እጠፍ አድርጊው፣ ቀጥ ብሎ ሲቆም ስንጥቁ አይታይም።

የተርቦ_ጎረቤት
ምን ሆነ? መንገድ ወጣሽ?

ባዶ_ታንከር (ከሦስት ሳምንት በኋላ)
ሰላም፣ እኔም ልክ ይሄው ችግር ገጥሞኛል፣ 1ኬዲ፣ ጥቁር ጭስ፣ ፒ 0299። @ዳገት_ፈሪ ቱቦው ነበር ወይስ ተርቦው? እባክሽ ካየሽው መልሺልኝ፣ ነገ መንገድ አለብኝ።

ጎማ_ቆጣቢ
ኢጂአሩን አጽዳው።