ክርክር፦ የኤች አይ ቪ ክሊኒክ ለብቻው ይቆይ ወይስ ከግፊትና ከስኳር ክትትል ጋር ይቀላቀል?

ሃያ ዓመት በክኒን፦
ለክርክር የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። የኤች አይ ቪ ክትትል በራሱ ክፍልና በራሱ ነርስ ይቀጥል? ወይስ የደም ግፊትና የስኳር ሕሙማን ከሚታዩበት ክፍል ጋር ይቀላቀል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የግፊትና የስኳር ሕክምና ከኤች አይ ቪ አገልግሎት ጋር እንዲጣመር መክሯል። እኛ ዘንድ ነገሩን ያጋጋለው ግን መመሪያው ሳይሆን ገንዘቡ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታግድ፣ በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋርጧል። ከዚያ ወዲህ «ለብቻው ክሊኒክ ማን ይከፍላል?» የማይል ስብሰባ የለም።

አቋሜን ልናገር፤ መቀላቀሉን እቃወማለሁ። የግፊት መለኪያው፣ የስኳር መመርመሪያውና መድኃኒቱ እኛ ወዳለንበት ክፍል ይምጣ እንጂ እኛ ወደ ትልቁ ወረፋ አንውጣ። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ሲጀምር ቀና ብለን ስማችንን የተናገርነው በዚያች ክፍል ውስጥ ነው። ዛሬ የሚገድለን ሌላ እንደሆነ አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት የቀበርናት ጓደኛችን ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ደርሶላት ነበር፤ የወሰዳት ስትሮክ ነው። በየቀጠሮዋ ሚዛን ላይ ትወጣ ነበር፤ ክንዷ ላይ የግፊት መለኪያ የጠቀለለላት ግን አልነበረም።

ቁጥር ወዳድ፦
እኅቴ፣ ነፍሷን ይማር። የተነሡበት ነጥብ ትክክል ነው፤ የደረሱበት ድምዳሜ ግን አያሳምነኝም። አስቀድሜ የሚያስማማንን ላስቀምጥ።

በአሜሪካ በካይዘር ፐርማነንቴ የጤና ተቋም አባላት ላይ ተሠርቶ በ2020 የታተመ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 በነበረው ሁኔታ፣ ቫይረሱ በደሙ ያለ የ21 ዓመት ወጣት በአማካይ እስከ 77 ዓመቱ እንደሚኖር ሲገመት፣ ቫይረሱ የሌለበት እኩያው 86 ይደርሳል። ልዩነቱ 9 ዓመት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ 22 ዓመት ነበር። ይህ ትልቅ ድል ነው። ያው ጥናት ሌላም ነገር ለክቷል፤ ሰው ኩላሊቱን፣ ልቡን፣ ጉበቱን፣ ሳንባውን ሳይታመም፣ ስኳርና ካንሰር ሳያገኘው የሚኖርበትን ዘመን። በዚህ በኩል ክፍተቱ 16 ዓመት ያህል ነው። ዕድሜው ተራዝሟል፤ ጤናው ግን በዚያው ልክ አልተራዘመም።

ሪፕሪቭ የተባለው ሙከራ ደግሞ በ12 አገሮች፣ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 75 በሆነ 7,769 ሰዎች ላይ ተካሂዷል። ሁሉም ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ነበሩ፤ የልብ ሕመም ሥጋታቸው ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ ተብሎ የተመዘነ ነው። ፒታቫስታቲን የተባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት በየቀኑ የወሰዱት ላይ ከባድ የልብና የደም ሥር አደጋ በ35 በመቶ ቀነሰ። ጥቅሙ ስለታየ ሙከራው ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ ቆመና ውጤቱ በ2023 ታተመ። ዩጋንዳ፣ ዚምባብዌ፣ ቦትስዋናና ደቡብ አፍሪካ ነበሩበት፤ ኢትዮጵያ አልነበረችም።

አሁን ወደምንለያይበት። በታንዛኒያና በዩጋንዳ በ32 የጤና ተቋማት፣ ከ7,000 በላይ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት በ2023 ታትሟል። በግማሾቹ ተቋማት ኤች አይ ቪ፣ ግፊትና ስኳር በአንድ ክፍል፣ በአንድ ወረፋ፣ በአንድ ባለሙያ ታዩ። በቀሩት ደግሞ እንደ ወትሮው ለየብቻ። ቫይረሱ የተገታላቸው ሰዎች በሁለቱም ወገን 97 በመቶ ያህል ነበሩ። «ከተቀላቀልን የኤች አይ ቪ ሕክምናው ይበላሻል» የሚለው ሥጋት በዚህ ጥናት አልታየም።

አዲስ ገብ፦
ይቅርታ፣ እኔ ነገሩን ከሥሩ አላውቀውም። ቫይረሱ ካልታየ ልባቸው ለምን ይታመማል? መድኃኒቱ ነው የሚጎዳቸው?

የደሴዋ ነርስ፦
ለአዲስ ገብ ልመልስ። አይታይም ማለት የለም ማለት አይደለም። በደም ውስጥ መራባቱን አቁሞ በሴሎች ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፤ የሰውነት መከላከያም ሙሉ በሙሉ አያርፍም። ያ ለዓመታት የማይበርድ ቁጣ የደም ሥርን ግድግዳ ይጎዳል። መድኃኒቱን ግን ተጠያቂ አድርገህ እንዳትቸኩል። ስማርት የተባለውና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ጥናት 5,472 ሰዎችን ይዞ ነበር። አንዱ ወገን መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወሰደ፤ ሌላው የሲዲ ፎር (የሰውነት መከላከያ ሴሎች) መጠኑ እየታየ እያቋረጠ እየጀመረ ወሰደ። ያቋረጡት በኤድስ ብቻ ሳይሆን በልብ፣ በኩላሊትና በጉበት ሕመምም የበለጠ ተጎዱ። መድኃኒቱን ማቆም ልብን አያሳርፍም።

ወደ ክርክሩ ስመለስ፣ እኔ መቀላቀሉን እደግፋለሁ፤ ምክንያቴም ከወረቀት የተቀዳ አይደለም። እናቶች ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን በእናቶችና ሕፃናት ክፍል እየወሰዱ ነው። ያኔም «ምሥጢራቸው ይባክናል፣ ይጠፋሉ» ተብሎ ነበር። ዛሬ እርጉዟን ከዚያ ክፍል አውጥተን ወደ ኤአርቲ (ፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና) ክሊኒክ እንመልሳት የሚል ባልደረባ አላውቅም። በሌላ በኩል የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራን ወደ ኤአርቲ ክሊኒክ አስገብተናል፤ ቫይረሱ ያለባት ሴት በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከሌላዋ ስድስት እጥፍ ስለሆነ። ስለዚህ መቀላቀል ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቀረው ግፊትና ስኳር ነው።

ከወረዳ ከተማ፦
ሲስተር፣ ደሴ ትልቅ ከተማ ነው። እኛ ጋ ካርድ ክፍል የምትሠራው የጎረቤቴ ልጅ ናት። እኔ መድኃኒቴን የምወስደው ሌላ ወረዳ ሄጄ ነው፤ ከግቢው ሳልወጣ ክኒኑን ከጠርሙሱ አውጥቼ በጨርቅ እቋጥረዋለሁ። ጠርሙሱ በቦርሳ ውስጥ ሲንኳኳ አውቶቡስ ላይ የተቀመጠ ሁሉ የሚሰማው ይመስለኛል። የኤአርቲ ክፍል ውስጥ ያለን ሰዎች ቢያንስ እርስ በርስ አንተዛዘብም። በትልቁ ወረፋ የሰፈሬ ሰው ሁሉ አለ።

ቁጥር ወዳድ፦
የሚሉት ይገባኛል፤ ግን በተቃራኒው ቢያዩትስ? ዛሬ ያቺ በር ላይ የቆመ ሰው ምን እንዳለበት ለማወቅ ጥያቄ አያስፈልግም። «ሥር የሰደዱ ሕመሞች» ተብሎ በተጻፈበት በር ከገባ ግን ግፊት ይሁን ስኳር ይሁን አስም ማን ያውቃል?

ከወረዳ ከተማ፦
ወረቀት ላይ ያምራል። በትንሽ ከተማ ግን ሰው በር አያይም፤ ምን ይዘህ እንደወጣህ ነው የሚያየው። የግፊት ሕመምተኛ በትንሽ ላስቲክ ይዞ ሲወጣ እኔ ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ ተሸክሜ ስወጣ ማን አያውቅም?

ግብር ከፋይ፦
ማንንም ላለማስቀየም ብዬ ዝም ብዬ ነበር። እናቴ ግፊትም ስኳርም አለባት፤ ኤች አይ ቪ የለባትም። መድኃኒቷን በገንዘቧ ትገዛለች፣ ጠዋት በ12 ሰዓት ወረፋ ትይዛለች፣ ደብተሯ ከጠፋ ታሪኳም አብሮ ይጠፋል። እናንተ ቀጠሮ ስታሳልፉ ስልክ ይደወልላችኋል። አሁን ደግሞ የግፊት መድኃኒትም እዚያው ክፍል በነጻ ይሰጠን ስትሉ ፍትሕ የት አለ? የሚያዋጣው ሁላችንንም በአንድ ክፍል ማየት ነው፤ የእናንተ ክፍል የለመደው ክትትል ለእናቴም ይድረሳት።

ሃያ ዓመት በክኒን፦
ወንድሜ፣ እናትህን እግዚአብሔር ያቆይልህ። ያቺ ክፍል ግን በልመና የተገኘች አይደለችም። የመቅድምና የተስፋ ጎህ፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ማኅበራት፣ አባላት ፊታቸውን ለሕዝብ አሳይተው፣ ከሥራ እየተባረሩ፣ ከኪራይ ቤት እየተወረወሩ ያመጧት ናት። በስልክ የሚደውሉት ኬዝ ማናጀሮችም አብዛኞቹ ከእኛው መካከል የወጡ፣ ክኒኑን ራሳቸው የሚውጡ ሰዎች ናቸው። በዲ ፎር ቲ፣ በዚያ በድሮው ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት፣ ዘመን ጉንጫችን ጎድጉዶ፣ እግራችን ቀጥኖ በመንገድ ላይ ስንታወቅ «ታገሡ፣ የተሻለ መድኃኒት ይመጣል» ያሉን እነሱ ነበሩ። ለእናትህ እንዲህ ያለ ክትትል ይገባታል። ለዚያ ስትታገል አብሬህ እሰለፋለሁ። የእኔን አፍርሰህ ግን ለእሷ የምትሠራው ነገር አይኖርም፤ የሚሆነው እኔም እንደ እሷ ደብተሬን ይዤ በ12 ሰዓት መሰለፍ ነው።

ቁጥር ወዳድ ስለ ታንዛኒያና ስለ ዩጋንዳ ነገሩን። በጥናት ጊዜ መድኃኒት አይጠፋም፣ ባለሙያ ይሠለጥናል፣ ተቆጣጣሪ ይመላለሳል። ጥናቱ ሲያልቅስ?

ቁጥር ወዳድ፦
ይህ ተገቢ ትችት ነው፤ እቀበለዋለሁ። ግን ለብቻ ያለው ክሊኒክም እስከዛሬ የቆመው በውጭ ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን በ2025 አይተናል።

መድኃኒት ቤት፦
ፋርማሲስት ነኝ። ስለ ክፍልና ስለ በር የምትከራከሩትን ያህል ስለ ክኒኑ ብትከራከሩ ደስ ይለኛል፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና።

ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚወስደው ዶሉቴግራቪር ያለበትን ክኒን ነው። ዶሉቴግራቪር ለስኳር የሚታዘዘውን ሜትፎርሚን በደም ውስጥ ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ የሜትፎርሚኑ መጠን በቀን ከ1,000 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ይመከራል። ሕመምተኛው የስኳር ክፍል ሄዶ ኤች አይ ቪ እንዳለበት ካልተናገረ፣ ሐኪሙ ያለ ሥጋት 2,000 ያዝለታል። ብዙዎች ደግሞ አይናገሩም፤ ለምን እንደማይናገሩ ከወረዳ ከተማ የጻፉት ነግረውናል። የብረትና የካልሲየም ክኒን በባዶ ሆድ፣ ወይም የጨጓራ አሲድ ማርከሻ አብሮ ከተወሰደ ደግሞ ዶሉቴግራቪሩ በአግባቡ አይሰርግም፤ ከእነሱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ቆይቶ መውሰድ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው መድኃኒት አልሠራላቸው ብሎ ሁለተኛ ደረጃ መድኃኒት ላይ ካሉት ብዙዎቹ ሪቶናቪር ይወስዳሉ፤ ለእነዚህ ሲምቫስታቲን የተባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት ማዘዝ ጡንቻን እስከማቅለጥ የሚያደርስ አደጋ አለው። ሪፕሪቭን ሰምቶ «የኮሌስትሮል መድኃኒት ስጡኝ» ብሎ ከማንኛውም መድኃኒት ቤት የሚገዛ ሰው ይህን አያውቅም።

ስለዚህ አቋሜ፦ ሁሉንም መድኃኒት የሚያዝ አንድ ሰው፣ ሁሉንም የሚጽፍ አንድ ካርድ መኖር አለበት። ያ ሰው በየትኛው ክፍል ቢቀመጥ ለእኔ ግድ የለኝም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እዚህ አሜሪካ በራያን ዋይት፣ በመንግሥት የኤች አይ ቪ ድጋፍ ፕሮግራም፣ በሚደገፉ ክሊኒኮች ፋርማሲስቱ እንዳሉት ነው የሚሠራው። ግፊቴንም፣ ኮሌስትሮሌንም፣ ቫይራል ሎዴንም (በደሜ ያለውን የቫይረስ መጠን) አንዷ ሐኪም ናት የምታየው። ክሊኒኩ የኤች አይ ቪ ክሊኒክ ነው፤ አልተበተነም። እዚህ ቫይረሱ ካለባቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 50 ዓመት የሞላቸው ስለሆኑ የወረፋው ወሬ ሁሉ ስለ ጉልበትና ስለ ኩላሊት ነው። በእርግጥ የገንዘቡ ነገር ከኢትዮጵያ ጋር አይወዳደርም።

የደሴዋ ነርስ፦
እስካሁን ያልተነሣ አንድ ነገር አለ፤ ቀጠሮ። ደኅና የሆነ ሕመምተኛ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይወስዳል። ገበሬው ከእርሻው፣ ነጋዴው ከሱቁ በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚቀረው። ብዙ ሰው ሳያቋርጥ እንዲቆይ ያደረገው አንዱ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የግፊት መድኃኒት ግን የሚሰጠው በየወሩ ነው፤ ያውም ካለ። እንዲሁ ከቀላቀልነው ገበሬው በየወሩ ይመላለሳል፤ ሁለት ሦስት ወር ተመላልሶ ይሰለቻል፤ ግፊቱንም ይተዋል፣ ምናልባት ኤአርቲውንም። መቀላቀልን ደግፌ ይህን መጻፌ የሚያስገርማችሁ ካላችሁ፣ እኔ የምደግፈው መቀላቀል ግፊቱ ወደ ኤአርቲው ሥርዓት ሲመጣ ነው፤ ኤአርቲው ወደ ግፊቱ ሥርዓት ሲወርድ አይደለም።

ሃያ ዓመት በክኒን፦
ሲስተር፣ እንዲያማ ከሆነ እኔና እርስዎ ምን ያከራክረናል?

የደሴዋ ነርስ፦
ያከራክረናል እንጂ። የግብር ከፋይ እናት በዚያ በር ትገባለች እላለሁ፤ እርስዎ አትገባም ይላሉ። የስድስት ወር የግፊት መድኃኒት ለእርስዎ ብቻ ልስጥ ብል መጋዘኑ አይፈቅድልኝም፤ ሊፈቅድልኝም አይገባም። ግፊቱ ላልተስተካከለ ሰው መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ቀጠሮ ይሰጠዋል፤ ከተስተካከለ በኋላ ግን ቫይረሱ ያለበትም የሌለበትም እኩል ስድስት ወር ይውሰድ።

መድኃኒት ቤት፦
የስድስት ወር አምሎዲፒን (የግፊት ክኒን) ለሁሉም? እኔ ያለሁበት ቦታ የሁለት ወር እንኳን ተከታትሎ የገባበት ጊዜ ጥቂት ነው። የማኅበረሰብ ጤና መድን ያለው ሰው ሳይቀር «የለም» ተብሎ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይላካል። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የማይጠፋው ለብቻው ተተንብዮ፣ ለብቻው ተገዝቶ፣ ለብቻው ስለሚጓጓዝ ነው። ክፍሎቹን ከማቀላቀላችሁ በፊት የግዥውን ነገር መልሱልኝ።

ከወረዳ ከተማ፦
እኔ አሁንም አልተዋጠልኝም። የግዥው ነገር ቢስተካከል እንኳ ካርድ ክፍል ያለችው የጎረቤቴ ልጅ ናት። እሷን በተመለከተ መልስ የሰጠኝ የለም።